ግፉን አልክድም፣ ማስኬን ግን አላወልቅም



ባለፈው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ መስጂዳችን በር ላይ ቆሜ የሳኒታይዘር ጠርሙሶቹን ስሰበስብ አንድ ጎረምሳ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። ቪዲዮ ነው። ረጅም ፎቅ፣ ሥሩ በፖሊስ የተከበበ፣ መስኮቱ ላይ ሂጃብ የለበሰች እናት ቆማለች። «ኡስታዝ፣ ይኸው! አውስትራሊያ ሙስሊሞችን በኮሮና ስም እንዲህ አሰረቻቸው። እርስዎ ደግሞ በር ላይ ቆመው ማስክ አድርጉ ይሉናል» አለኝ። አጠገቡ የነበሩት ሳቁ። ማስኩ አገጩ ላይ ነበር፤ ፖሊስ ሲያይ ብቻ ወደ ላይ የምትወጣዋ የከተማችን ማስክ።

እዚያው ልመልስለት ብዬ ቃል አጠረኝ። ማታ ስልኬን ስከፍት ያው ቪዲዮ በየገጹ ሲዞር አየሁ። ከሥሩም «ኮሮና ፖለቲካ ነው»፣ «ምርመራ የሚሄድ ሞኝ ነው»፣ «ማስክ የባርነት ምልክት ነው» የሚል አስተያየት ተደርድሯል። ስለዚህ መልሱን ለሁላችሁም ልጻፈው። ይረዝማል፤ ታገሱኝ። ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

ቪዲዮው እውነት ነው። ከሱ ልጀምር፤ ምክንያቱም ግፉን የሚያድበሰብስ ኡስታዝ ስለ ማስክ ሲናገር ማንም አይሰማውም፣ መስማትም የለበትም።

ሜልቦርን ውስጥ ፍሌሚንግተንና ሰሜን ሜልቦርን በሚባሉ ሰፈሮች መንግሥት የሚያከራያቸው ረጃጅም ፎቆች አሉ። የሚኖርባቸው ከብዙ አገር የተሰደደ ሰው ነው። ሶማሌው፣ ኤርትራዊው፣ ሱዳኑ፣ ቬትናሙ፣ የኛም አገር ሰው አለበት። ጁላይ 4 ቀን 2020፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት መሪ ዳንኤል አንድሩስ በቴሌቪዥን ቀርቦ ዘጠኝ ፎቆች ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መዘጋታቸውን አወጀ። 3,000 ያህል ሰው ማለት ነው። በወቅቱ ቫይረሱ የተገኘባቸው 23 ሰዎች ነበሩ። በዙሪያቸው ባሉት የተዘጉ ሰፈሮች የሚኖር ሰው ለአስቤዛ፣ ለሥራ፣ ለሕክምናና ለስፖርት መውጣት ይችል ነበር። የፎቁ ነዋሪ ግን ከደጁ አይወጣም። ብዙዎች ነገሩን ያወቁት ፖሊስ በሩ ላይ ቆሞ ሲያዩ ነው። ዳቦ ሊገዛ ሊወርድ የነበረ ሰው ተመለስ ተባለ። መድኃኒት ያለቀበት፣ የሕፃን ወተት ያለቀባት ቀናት ጠበቁ። ሐላልነቱ ያልታወቀ ምግብ ደርሶናል ያሉም ነበሩ። ያን ጊዜ ክፍተቱን የሸፈኑት የሰፈሩ ወጣቶች ናቸው። የአውስትራሊያ ሙስሊም ማኅበራዊ አገልግሎት ድርጅት ግቢ ውስጥ ምግብ ሲያሽጉ፣ ሳጥን ሲሸከሙ አደሩ። አላህ ይቀበላቸው። የናንተ እኩያ ልጆች ነበሩ፤ ስለነሱ የተሠራ ቪዲዮ ግን ያንን ያህል ሲዞር አላየሁም።

ስምንቱ ፎቆች በአምስተኛው ቀን ከሌላው ከተማ ጋር እኩል ተደረጉ። 33 አልፍሬድ ስትሪት የተባለው ዘጠነኛው ግን እስከ ጁላይ 18 ድረስ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ተዘግቶ ቆየ።

በዲሴምበር 2020 የያኔዋ የቪክቶሪያ እንባ ጠባቂ ዴብራ ግላስ ይህን መርምራ ሪፖርት አወጣች። ፎቆቹን መዝጋት በሽታውን ለመግታት ተገቢ እርምጃ እንደነበር ተቀብላለች። በዚያች ደቂቃ ያለ ማስጠንቀቂያ መዝጋቱ ግን ከጤና ባለሙያዎች ምክር የመጣ እንዳልነበር፣ የነዋሪዎቹን ሰብዓዊ መብት እንደጣሰና ሕግ የተላለፈ እንደነበር ጽፋለች። የጤና ኃላፊዋ ነገሩ በማግስቱ የሚጀምር መስሏት ነበር፤ ትእዛዙን አንብባ እንድትፈርምበት የተሰጣት ጊዜም ደቂቃዎች ነው። ግላስ አንድ ነገር ጨምራለች፤ በሽታው በሀብታሞች አፓርታማ ቢነሳ ኖሮ በፖሊስ እንዲህ ይከበባል ብሎ ማሰብ እንደማይቻል። መንግሥቱ ይቅርታ ጠይቅ ተባለ። ሕይወት ስላዳንን ይቅርታ አንጠይቅም አለ።

ግላስ ያለችውን ለማየት ብዙ አልጠበቅንም። በዚያው ዲሴምበር ሲድኒ ውስጥ ኖርዘርን ቢችስ በሚባለው የባሕር ዳርቻ፣ የደላው ሰው በሚኖርበት ሰፈር፣ በሽታው ተነሳ። አቫሎን ከምትባለው ሰፈር ጀምሮ ወደ 150 ሰው ያዘ። መጀመሪያ እባካችሁ ቤታችሁ ቆዩ ተብለው ተለመኑ። ከዚያ ዲሴምበር 19 በትእዛዝ ተዘጋ። ቢሆንም ለምግብና ለስፖርት ይወጣሉ፤ ለገናም እንግዳ መቀበል እንዲችሉ ገደቡ ላላላቸው። ሲድኒና ሜልቦርን በሁለት የተለያዩ ክፍለ ግዛቶች ያሉ፣ የተለያየ መንግሥት ያላቸው ከተሞች ናቸው፤ ይህን አልደብቅም። የአቫሎን ሰው እንዲጨነቅም አልመኝም። እንዲያ በልመናና በክብር መያዝ እንደሚቻል ማሳየቱ ነው የሚያንገበግበው።

ሁለተኛው ግፍ የምላስ ነው። ሜልቦርን ላይ በሽታው እንደገና ሲያገረሽ ጣት የተቀሰረው ወዴት ነበር? ወደ ዒድ። ሜይ 24 የዋለውን ዒደል ፊጥር ቤተሰብ ተሰብስቦ አክብሯል፣ ከዚያ ነው የመጣው ተባለ። አል-ተቅዋ የተባለው የሙስሊሞች ትምህርት ቤት ከ200 በላይ ሰው የተያዘበት ትልቅ የወረርሽኝ ስብስብ ሆኖ ስሙ በየዕለቱ ተነሳ። ሴናተር ፖሊን ሀንሰን በቴሌቪዥን ቀርባ የፎቆቹን ነዋሪዎች እንግሊዝኛ የማይችሉ፣ ሱሰኞችና ሰካራሞች አድርጋ ሳለቻቸው፤ ጣቢያው ራሱ አፍሮ ሁለተኛ አላቀርባትም አለ።

እውነቱስ? በጡረተኛዋ ዳኛ ጄኒፈር ኮት የተመራው ምርመራ ዲሴምበር 21 ቀን ውጤቱን አወጣ። የሁለተኛው ማዕበል 99 በመቶ የሚሆነው የተነሳው ከውጭ የተመለሱ መንገደኞች ለይቶ ማቆያ ከተደረጉ ሁለት ሆቴሎች ነው። አብዛኛው ደግሞ ከአንዱ፣ ራይጅስ ከሚባለው፣ ከአንድ አራት ነፍስ ቤተሰብ። ከዚያ በኮንትራት በተቀጠሩ ሠራተኞች በኩል ወጣ። በዚያ ማዕበል 768 ሰው ሞተ። ቪክቶሪያ በዓመቱ ካጣቻቸው 820 ሰዎች ከ650 በላይ የሚሆኑት በአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች የነበሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። ዒድ ያንን ሆቴል አልከፈተውም። በጃንዋሪ 2021 ሲድኒ ውስጥ በረላ በምትባል ሰፈር አንድ የመጠጥ መሸጫ ሱቅ የወረርሽኝ ምንጭ ሆኗል፤ እስካሁን «የጠጪዎች ቫይረስ» ያለ ጋዜጣ አላየሁም።

እዚህ ድረስ ቪዲዮውን ያሳየኝ ልጅ አንገቱን እየነቀነቀ እንዳነበበ አውቃለሁ። አሁን ግን ወንድሜ፣ አንተና እኔ እንጣላ።

«ስለዚህ ኮሮና ውሸት ነው» የምትለዋ ቃል ከየት መጣች? የፎቁ ነዋሪዎች እንዲህ አላሉም። ያሉትን ስማ። መቶዎች በአንድ ሊፍት እንጠቀማለን፣ የልብስ ማጠቢያው የጋራ ነው፣ አጽዱልን፣ ሳኒታይዘር አስቀምጡልን ብለን ስንጮህ ማንም አልሰማንም፤ ኋላ ፖሊስ ላካችሁብን። ቫይረሱን ከመንግሥቱ በፊት የፈሩት እነሱ ናቸው። ያ ለሁለት ሳምንት የተዘጋው ፎቅ ሲመረመር ከነዋሪው ከአሥር አንድ ያህሉ ተይዞ ተገኘ። እናቶች ነበሩ፤ ልጆች ነበሩ። እንግዲህ በሽታው ውሸት ከሆነ ሊፍቱን አለማጽዳት ምን በደል ነው? ነርስ ሊላክ ሲገባ ፖሊስ መላኩስ ለምን ያስከፋል? የነሱን ዕንባ ወስደህ በሽታውን ለመካድ ስትጠቀምበት ክሳቸውን እየሰረዝክባቸው ነው። ሀንሰን ሰደበቻቸው፤ አንተ ደግሞ ምስክርነታቸውን ጣልክባቸው።

«ተወኩል» የሚሉኝም አሉ። ለነሱ አዲስ ነገር አላመጣም፤ ከመድረሳ ደጃፍ ያለፈ ሁሉ የሚያውቀውን ነው የማስታውሳቸው። ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከሚባል ቦታ ሲደርሱ አገሩ ላይ ወረርሽኝ መግባቱ ተነገራቸው። ምን አደረጉ? ሙሃጂሮችን ጠርተው አማከሩ፤ ሐሳባቸው ተከፋፈለ። አንሷሮችን ጠሩ፤ እነሱም ተከፋፈሉ። ቀጥለው የቁረይሽ ሽማግሌዎችን ጠሩ፤ እነሱ ሰዉን ይዘህ ተመለስ አሉ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር መሸሽ ነው ወይ ብለው ፊት ለፊት ሞገቱ። ዑመር አልተቆጧቸውም፤ መመለሱም ያው የአላህ ቀደር መሆኑን በግመልና በግጦሽ ምሳሌ አስረዷቸው። ከዚያ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ መጥተው ወረርሽኝ ወዳለበት አትግቡ፣ ካላችሁበትም ሸሽታችሁ አትውጡ የሚለውን የነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ትምህርት አሰሙ።

ይህን ታሪክ በኹጥባ የምናወራው ሕዝቡን ቤትህ ተቀመጥ ለማለት ብቻ ነው፤ ግማሹን እንውጣለን። መሪው ከመወሰኑ በፊት ሦስት ጊዜ አማከረ። የተቃወመውን ሰው በማስረጃ መለሰለት። ሜልቦርን ላይ ደቂቃዎች በወሰደ ፊርማ 3,000 ሰው ተዘጋ፤ ከነዋሪዎቹ አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ኢማም ጠርቶ ዛሬ ማታ እንዲህ ሊሆን ነው ያለ የለም። በሽታውን ለመከላከል የወጣን ትእዛዝ ማክበር ግዴታ ነው ብዬ ስናገር ማማከርም ግዴታ ነው የሚለውን አብሬ መናገር ነበረብኝ። ይህ የኔም ጥፋት ነው።

ወደ ማስኩ ልምጣ። ትልቁ ማስረጃችሁ «ቃላቸውን ለወጡ» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ለውጠዋል። በ2020 መጀመሪያ የአውስትራሊያ ባለሥልጣናት ጤነኛ ሰው ማስክ አያስፈልገውም ይሉ ነበር። ጁላይ 10 ላይ ቪክቶሪያ መራራቅ በማትችሉበት ቦታ ብታደርጉ ይመከራል አለች። ከጁላይ 22 እኩለ ሌሊት ጀምሮ ደግሞ በሜልቦርን ግዴታ ሆነ፤ ያለ ማስክ የተገኘ 200 ዶላር ይቀጣ ነበር። ሲድኒ ያን ሁሉ ወራት በምክር ብቻ ቆይታ፣ በጃንዋሪ 3 ቀን 2021 ነው በሱቅ፣ በአውቶቡስ፣ በአምልኮ ቤት ውስጥ ግዴታ ያደረገችው፤ ከማግስቱ ጀምሮም በቅጣት።

ቃል መለወጥ ግን ውሸታምነትን ያሳያል? ኢማሙ ሻፊዒይ ባግዳድ ሳሉ የሰጡት ቀውል አለ፣ ግብፅ ከገቡ በኋላ የሰጡት ቀውል አለ። ደረሳ ሁሉ «ቀዲም» እና «ጀዲድ» እያለ ያነበዋል። ማስረጃ ሲጨምር ፍርድን ማስተካከል የዓሊም ክብር ነው። እነዚያን ባለሥልጣናት የምከስበት ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ ላይ ማስክ አያስፈልጋችሁም ሲሉ አንዱ ምክንያታቸው ማስኩ ለሐኪሞችና ለነርሶች እንዳያልቅ ነበር። ይህንኑ ከሁሉ አስቀድመው፣ ጎላ አድርገው፣ ያለን ጥቂት ነው፣ ለነርሶቹ እንተውላቸው ቢሉ ሕዝቡ ይገባው ነበር፤ እንደውም የሰፈር ልብስ ሰፊ ሁሉ ከጨርቅ ይሰፋ ነበር። ምክንያቱን ደብዝዘው ምክሩን ብቻ ሰጡ፤ ምክሩ ሲገለበጥ እምነቱም አብሮ ተገለበጠ። ጥፋታቸው ይህ ነው፤ ለወጡ የሚለው አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ አስቡ። ሜልቦርን ኦገስት 5 ቀን በአንድ ቀን ከ700 በላይ ሰው ተይዞባት ነበር። ኦክቶበር 26 ዜሮ ሆነ። ማስክ ብቻውን አመጣው አልልም፤ የሰዓት እላፊ ነበር፣ ከቤት ያለመውጣት ነበር፣ ሰው ሥራና ሱቁን አጥቷል። ነገር ግን ከነዚህ ሁሉ ውስጥ ሠርቶ ለሚበላ ሰው በጣም ቀላሉና ርካሹ ማስኩ ነበር። አንተ ደግሞ የምትጠላው እሱን ነው።

አሁን ሁሉም ወደሚዘለው ነገር ልግባ፤ እሱም ምርመራ ሰጥቶ ውጤት የሚጠበቅበት ጊዜ ነው። በጁላይ 2020 ሜልቦርን ውስጥ ናሙና የሰጠ ሰው ውጤቱን ለማወቅ ቀናት የሚጠብቅበት ጊዜ ነበር። በጃንዋሪ 2021 መጀመሪያም ሰው መኪናው ውስጥ ለሰዓታት ተሰልፎ ጣቢያው ሞልቷል ተብሎ የተመለሰበት ቀን ነበር። ጁላይ 22 ዳንኤል አንድሩስ ያወጣው ቁጥር ግን ሁሉንም ያስደነገጠ ነው። በሁለት ሳምንት ከተያዙት 3,810 ሰዎች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል፣ ሕመም ከተሰማቸው ጊዜ አንስቶ እስኪመረመሩ ድረስ ቤት አልተቀመጡም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ 53 በመቶው፣ ናሙና ሰጥተው ውጤት እየጠበቁ እንኳ እንደ ልማዳቸው ሲወጡ ሲገቡ ነበር።

ይህን ቁጥር ሰምቶ «ደንታ ቢሶች» ማለት ቀላል ነው። አንድሩስ ራሱ ያን ቀን ሌላ ነገር ተናግሯል፤ ብዙዎቹ ቤት ያልተቀመጡት የሕመም ፈቃድ ስለሌላቸው፣ አንድ ቀን ከቀሩ የቤተሰባቸው ቀለብ ስለሚጎድል ነው። በሰዓት የሚከፈለው የሥጋ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ሦስት መጦሪያ ቤት እየዞረች ሽማግሌ የምታጥብ ሴት፣ የመጋዘን ጫኝና አውራጅ። መንግሥቱ ይህ ሲገባው ክፍያ መደበ። ውጤት እስኪመጣ ቤቱ ለሚቀመጥ መጀመሪያ 300፣ በኋላ 450 ዶላር፤ ቫይረሱ ለተገኘበት 1,500 ዶላር። ዘገየ፣ ግን ገባው። አንድ መሪ «ቤትህ ተቀመጥ» ያለውን ቃል በገንዘብ ሲደግፈው ያኔ ምክሩ ምክር ሆነ።

እኛስ? የራሴን ልናገር፤ አላህ ይማረኝ። መስጂዳችን ከተከፈተ በኋላ አንድ የማውቀው ወንድም ጁሙዓ ቀን በር ላይ መጣ። ያስለዋል። «ናሙና ሰጥቻለሁ፣ ውጤት ገና ነው» ብሎ በሐቅ ነገረኝ። ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ የሚያወርድ የቀን ሠራተኛ ነው። «ማስክህን አጥብቀህ ከኋላ ሶፍ ስገድ» አልኩት። አፍሬ፤ ጁሙዓ ቀን ሰው ከመስጂድ መመለስ ከበደኝ። ውጤቱ በአምስተኛው ቀን መጣ፤ ተይዟል። በነዚያ አምስት ቀናት ውስጥ ሥራ ገብቷል፣ ታክሲ ተሳፍሯል፣ ከኛ ጋር ሰግዷል። የኋላ ሶፍ የሚሰግዱት እነማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ፤ ዘግይተው የሚደርሱት፣ ወንበር ላይ የሚሰግዱት አባቶች ናቸው። ከነሱ አንዱ በሦስተኛው ሳምንት ሆስፒታል ገቡ። ወጥተዋል፣ አልሐምዱሊላህ። ከኛ ይሁን ከሌላ አላህ ነው የሚያውቀው። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ልጁን ልቆጣው አልቻልኩም። «ለምን ሥራ ገባህ?» ስለው «ኡስታዝ፣ አምስት ቀን ማን ያበላኛል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። በማይክራፎን ስለ አማና ስናገር እሱ ስለ እንጀራ ያስባል፤ እሱ ነበር ልክ። ውጤት የሚጠባበቅ ሰው አማና አለበት፣ ሳያውቅ ሰው ሊገድል ይችላልና ቤቱ መቀመጥ አለበት፤ ከዚህ ንቅንቅ አልልም። ያንን አማና እንዲወጣ አምስት ቀን ማብላት ደግሞ የጀመዓው አማና ነው። የመጀመሪያውን እየጮሁ ሁለተኛውን መርሳት ፎቁን ዘግቶ ዳቦ ከመርሳት በምን ይለያል?

ይህን ለሸይኻችን አቅርቤላቸዋለሁ። ኮሚቴውም ተስማምቷል። ከፊታችን ጁሙዓ ጀምሮ በዋናው በር በስተቀኝ አንድ ሳጥን ይቆማል፤ ለምንጣፍም ለቀለምም አይደለም። ምርመራ ሰጥቶ ውጤት ለሚጠብቅ የቀን ሠራተኛ፣ ሊስትሮ፣ ጉልት ቸርቻሪ እናት፣ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን፣ ውጤቱ እስኪደርስ የቀን ገቢውን የምንሰጥበት ነው። የሚያስለው ሰው ሹክ የሚለኝ እኔን ነው፤ ስሙን ከኔና ከገንዘብ ያዡ በቀር ማንም አያውቅም። ቤቱ ድረስ የሚያደርሱ ስምንት ወጣቶች እፈልጋለሁ። በሰሜን ሜልቦርን ሳጥን የተሸከሙትን ልጆች አስቡና ኑ።

ቪዲዮውን ያሳየኸኝ ወንድሜ፣ የመጀመሪያው አንተ እንድትሆን እፈልጋለሁ። ዐስር ላይ በሩ ጋ ነኝ። ማስክህን አፍንጫህ ላይ አድርገህ ና፤ ከሌለህ እኔ ጋ አለ።